ተጠባባቂው ጥቁር ንጉሥ

የቼዝ እንቆቅልሽ ዳኞች ማኅበር፣ አባላቱ በሙሉ በተገኙበት፣ ሻይ መጠጣቱን ስንገልጽ ከፍ ያለ ኩራት ይሰማናል።

ማኅበሩ ሰዎች በቼዝ ሰሌዳ ላይ የሚያቀናብሯቸውን እንቆቅልሾች እየፈታ ይመዝናል፤ ለበላጩም ዋንጫ ይሸልማል። ለዘንድሮው ዋንጫ የቀረበው የአንድ የጥርስ ሐኪም ሥራ ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ነጭ በሦስት እርምጃ ጥቁሩን ንጉሥ መፈናፈኛ ያሳጣው። ችግሩ፣ የማኅበሩ ጥቁር ንጉሥ ከጠፋ ቆይቷል። በመሆኑም አንድ ኩብ ስኳር የንጉሥነቱን ሥራ በተጠባባቂነት እንዲያከናውን በሙሉ ድምፅ ተመድቧል። ስኳሩ ነጭ ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሳም፣ በቀጣይ ይታያል ተብሎ ታልፏል።

ሰብሳቢው በሐኪምና በባለቤታቸው ትእዛዝ ሻያቸውን ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰው ናቸው። ሊሰናበቱም ነው። ወንበራቸውን ለማን እንደሚተዉ የሚናገሩት ያን ዕለት ስለነበር፣ ምክትላቸው ከሰሌዳው ይልቅ እሳቸውን ሲመለከት ዋለ። እናም እጃቸው ሹልክ ብሎ ተጠባባቂውን ንጉሥ ሲያነሳ፣ ንጉሡም ሻይ ውስጥ ጠልቆ ሲማሰል፣ አንድም ሳይቀረው አየ። አፉን ከፈተ።

«ምነው?» አሉ ሰብሳቢው ኮስተር ብለው። «አልፈታኸውም እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ! ድሮ!»

«ጸሐፊውስ?»

«እኔማ ገና ሳየው! ንጉሡ መግቢያ መውጫ የለውም እኮ።»

«የለውም» አለ ምክትሉ። «እንዲህ ድራሹ የጠፋ ንጉሥ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ሰብሳቢው ፉት አሉ። «ጥልቀት አለው» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ደግሞ ይጣፍጣል።»

ኮሪደር ላይ ይጠብቅ የነበረው የጥርስ ሐኪም ተጠራ። ሰሌዳውን አየ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ የታመመ ጥርስ የሚፈልግ ይመስል በየካሬው ፈለገ። ከዚያ ዋንጫውን ተመለከተና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዎ» አለ። «ያሰብኩት ልክ ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ግን አይገባውም።»

ተጨበጨበ፤ ዋንጫውም ተሰጠው። ሰብሳቢው በምክትላቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን አኖሩ። «ወንበሬን» አሉ፣ «ከዓይኑ አንዳች ነገር ለማያመልጠው ለዚህ...»

በሩ ተከፈተ። ሊወስዷቸው የመጡት ባለቤታቸው ነበሩ። ማንንም ሰላም ሳይሉ ብርጭቆውን አንስተው አዘነበሉ፤ አተላውን በጣታቸው ቀመሱ።

«አንተ ሰውዬ! ስኳር?»

ሰብሳቢው ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«ማነው የሰጠው? እናንተን እኮ ነው!»

ጸሐፊው ጣሪያውን መረመረ። የጥርስ ሐኪሙ ዋንጫውን ወደ ጀርባው አዞረ። ቀስ በቀስ ግን የሁሉም ዓይን ሰሌዳው ላይ ወዳለ አንድ ባዶ ካሬ ሄዶ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው የምክትላቸውን ትከሻ ጨበጥ አደረጉ። ሴትዮዋ ፊቱ መጥተው ቆሙ።

«ማንም አልሰጣቸውም እትዬ» አለ ምክትሉ። «ጥቁሩ ንጉሥ ነው።»