ሙሽራዋን የምትወስደው ማኪና

ማኪና ከገዛ ሰው ጋር ተቀምጠው ያውቃሉ? እንግዲያው ስለ ሌላ ነገር አላወሩም ማለት ነው። እኔ ማኪና ስለሌለኝ ፍርዴ ያልተዛባ ነው።

ጨርቅ ነጋዴው አቶ ደምሴ ወንበሯ እንደ ፍራሽ የሚያሰጥም ጥቁር ማኪና ነበረቻቸው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ካሳ ደግሞ ኋላዋ የረዘመ፣ ዳገት ላይ የምትፈተለክ ነበረቻቸው። አንዱ የጓደኛዬ የአባቱ፣ ሌላው የእናቱ ወንድም ናቸው። ጓደኛዬ ኮሶዬ ከሚባል መንደር ሲያገባ፣ ሙሽራዋን የማን ማኪና ትውሰድ በሚል ሁለቱ አጎቶች ተኳረፉ።

ሚዜ ነበርኩና አብሬ ሄድኩ። ጠዋት ኮሶዬ ስንደርስ አቶ ደምሴ የሙሽራዋን አባት፣ “አያ ውብነህ፣ እርስዎ ይፍረዱ” አሏቸው።

አያ ውብነህ ዕድሜ ልካቸውን በቅሎ የነገዱ ሰው ናቸው። ጥቁሯን ዞረው አዩና፣ “ይቺ ሰጋር ናት፤ ለጌታ ሸጋ ናት” አሉ። የረጅሟን ጀርባ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ “ይቺስ ጭነትም ሩጫም ታውቃለች” አሉ። ሁለቱም አጎቶች ደረታቸውን ነፉ።

“አንድ ነገር ልጠይቅ” አሉ አያ ውብነህ። “ጌታዋ ጠጅ አብዝቶ ቢያንቀላፋ፣ ብቻዋን ቤቱ የምታደርሰው የትኛዋ ናት?”

ይህን ብለው በቅሏቸውን አስመጡ። ሙሽራዋ በአባቷ በቅሎ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ ማኪኖች እስከ ሙሽራው ሰፈር እስከ ቁስቋም ድረስ በበቅሎዋ እርምጃ ከኋላ ተከተሉ።

አጎቶቹ ግን የዚያን ቀን የማን ማኪና እንደፈጠነች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።