የኦቦ ኩምሳ ነጻ ሰንጠረዥ

ያዳነውን ነገር ለብቻው መያዝ የማይችል ሰው በየሰፈሩ አለ። ጉንፋኑ በአንድ ቅጠል ከለቀቀው ቅጠሉን በየበሩ ያዞራል። ጉልበቱን ያሻለውን ቅባት የማያውቀው ሰው ጉልበት ላይ ካልቀባ እንቅልፍ አይወስደውም። የእኛ ሰፈር ይህን ማዕረግ የሰጠው ለክቡር ኦቦ ኩምሳ ነው። እሳቸው የሚያዞሩት ግን ቅጠልም ቅባትም አይደለም፤ ኤክሴል ነው።

ኦቦ ኩምሳ ጡረታ የወጡት በጅማ መንገድ ላይ ከነበረ የከባድ መኪና ሚዛን ጣቢያ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከኤንትሬ እስከ ሲኖትራክ ሲመዝኑ ኖረው፣ አንድ ቀን እሳቸውን ሐኪም መዘናቸው። መቶ አራት ኪሎ። "ግፊትዎ ጥሩ አይደለም፤ ይቀንሱ" ተባሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ቀን እራት ትቶ በሦስተኛው ቀን ይረሳው ነበር። እሳቸው ግን ልጃቸው ሊቤ አግብታ ሱሉልታ ስትገባ ትታላቸው የሄደችውን አሮጌ ላፕቶፕ ከፍተው ሰንጠረዥ መሥራት ጀመሩ። በአሥር ወር ውስጥ አሥራ ስምንት ኪሎ ጣሉ። ከዚያ ወዲህ ሰበታ ውስጥ ቦርጭ ይዞ በሰላም መሄድ ቀረ።

ሰንጠረዡን ያላየ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። ቀን፣ ኪሎ፣ የተሄደ መንገድ፤ እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። የኦቦ ኩምሳ ጥበብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ለጾምና ለፍስክ አንድ ዓምድ አለ። ለሰርግ አንድ። ለለቅሶ ቤት ሌላ፣ ምክንያቱም ለቅሶ ቤት የቀረበ ምግብ እምቢ አይባልም። እህል ነጋዴው ጎረቤታችን ከድሩ "ኦቦ፣ የእኛ ረመዳንስ?" ብሎ ሲጠይቃቸው ከሰዓት በኋላውን ተቀምጠው የኢፍጣር ዓምድ ጨመሩለት። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን "በሞቴ" የሚለው ዓምድ ነው። በዕለቱ ስንት ሰው "በሞቴ" እያለ እንዳጎረሰህ ቆጥረህ ትሞላለህ። ነገሩ ሁሉ በልኩ ከሆነ መስመሩ አረንጓዴ ይሆንና "እለፍ" ይልሃል። ከልኩ ካለፈ ቀይ ይለብስና "ትርፍ ጭነት፤ ዳር ያዝ" ይላል።

ይህን ሁሉ የሚሰጡት በነጻ ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በነጻ የሚሰጥ ነገር ሰው ያስፈራል። አንድ ጠዋት ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አብረን ተሳፍረን፣ አጠገባቸው የተቀመጡ ሴትዮ ገና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ማውራት ሲጀምሩ ኦቦ ኩምሳ ስልካቸውን አወጡ።

"ቴሌግራም አለዎት?"

"ምን ሊያደርግልዎት?"

"አንድ ሰንጠረዥ ልላክልዎት። ነጻ ነው፤ ግን ተሞልቶ ይመለስ።"

ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "የየትኛው ሃይማኖት ነው?" አሉ።

ኦቦ ኩምሳ አልተቀየሙም። አየር ጤና እስክንደርስ ሰንጠረዡን አስረዱ። ስንወርድ ሴትዮዋ ፋይሉን ተቀብለው፣ ረዳቱ ተቀብሎ፣ ሹፌሩ ደግሞ "ለእኔም ይላኩልኝ፣ የምውለው ተቀምጬ ነው" ብሎ ቁጥሩን ሰጣቸው። በሳምንቱ ፋይሉ ቡራዩ መግባቱ ታወቀ። አንድ የማያውቋቸው ልብስ ሰፊ ከዚያ ሞልተው መለሱላቸው። ኦቦ ኩምሳ ያንን ቀን በየቤቱ እየዞሩ "ቡራዩ ገባን" ሲሉ ዋሉ።

እኔ የተያዝኩት በጥር ነው። ዘጠና አራት ኪሎ ነበርኩ። ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ተቀምጦ መብላትና ተቀምጦ ማሰብ ነው። ባለቤቴ ገነት "ምን ይጎዳሃል፣ ሙላላቸው" ስላለችኝ ተቀበልኩ። ሚዛኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ከድሩ ሱቅ ውስጥ ነው። ጤፍ የሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን ላይ ጫማችንን አውልቀን በተራ እንወጣለን። ከድሩ መጀመሪያ ላይ ያጉረመርም ነበር። "ኦቦ፣ ደንበኛዬ ስንዴ ሊገዛ መጥቶ ሰው ተመዝኖ ያገኛል" ይላቸዋል። "ታዲያ እሱም ይመዘናላ" ይሉታል።

አንድ ቅዳሜ ሚዛኑን ሸሽቼ ከቤት ሆኜ "ዘጠና" ብዬ ላክሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ።

"ዮአብ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሹፌር ውሸት ሰምቻለሁ" አሉኝ። "ሹፌር ሲዋሽ ድፍን ቁጥር ነው የሚጠራው። ጫማህን አድርግ።"

ዘጠና ሦስት ከስድስት ነበርኩ።

እስከ ፋሲካ እንዲህ ስንገፋፋ ቆየን። ጾሙን ሙሉ የቀነስኩት አንድ ኪሎ ተኩል ነው፣ እሱም በግድ። ከፋሲካ በኋላ ግን ተአምር መጣ። ዶሮውን በላሁ፣ በጉን በላሁ፣ አማቶቼ ቤት ሄጄ ደግሜ በላሁ። "በሞቴ" የሚለው ዓምድ ላይ በአንድ ቀን አሥራ አራት ሞላሁ። ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ ስወጣ ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሁለት። ከዚያ አንድ ተኩል። ግራፉ ከእንጦጦ ቁልቁል እንደሚለቀቅ ብስክሌት ወረደ።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። ቀበቶዬ ላይ በምስማር ሦስት ቀዳዳ ጨመርኩ። የሠርጌ ዕለት የለበስኩት ሱሪ ገባልኝ፤ ለብሼው ሥራ ሄድኩ። የቢሮ ሰው ሁሉ "ምን አድርገህ ነው?" ሲለኝ ስልኬን ማውጣት ጀመርኩ። ለአርባ ሰው ፋይሉን የላክሁት እኔ ነኝ። ኮዬ ፈጬ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬን አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ተከትዬ አስረድቼዋለሁ። "መቀነስ እኮ ምግብ መተው አይደለም፣ መመዝገብ ነው" እያልኩ ሰበክሁ። ውሃ በብዛት እጠጣ ነበር፤ ገነት "አንድ ጀሪካን ላንተ ብቻ ልግዛ እንዴ?" ስትለኝ ጤናማ ልማድ ነው አልኳት። ሽንት ቤት መመላለሴንም የውሃው ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ ድካም ድካም ሲለኝ ደግሞ ቀለል ያለ ሰውነት እስኪለመድ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ማስረዳት ሥራዬ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ሰማንያ ገባሁ። ሚዛኑ ዙሪያ የነበረው ሰው አጨበጨበ። ከድሩ አንድ ጣሳ በሶ ሸለመኝ። እንዲህ ያለ ቀን ኦቦ ኩምሳ ጭብጨባውን የሚመሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቁጥሩን ብቻ ያያሉ።

"ውረድ" አሉኝ። ከድሩን ጠርተው ያልተፈታ የሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ ከጎረቤት ሱቅ አስመጥተው ሚዛኑ ላይ አስጫኑ። ሃምሳ። አስወርደው ሌላ አስጫኑ። ሃምሳ።

"ሚዛኑ ደህና ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዮአብ፣ የሞላኸውን ማታ አንብቤዋለሁ። የምትበላው ጨምሯል። የምትሄደው መንገድ ቀንሷል። ኪሎህ ይወርዳል። የመኪና ጭነት ሳይራገፍ ክብደቱ ከቀነሰ፣ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።"

"ኦቦ፣ የእርስዎ ሰንጠረዥ ነው እኮ የሠራው" አልኳቸው።

"የእኔ ሰንጠረዥ አይደለም።"

እስቲ አስቡት። ቡራዩ ገባን ብለው ቀኑን ሙሉ የዞሩ ሰው፣ አሥራ አራት ኪሎ የቀነሰ ደቀ መዝሙር ፊታቸው ቆሞ ሲያመሰግናቸው ምስጋናውን አልቀበልም አሉ። ተናደድኩ። የቀኑብኝ መሰለኝ፤ እሳቸው በአሥር ወር የቀነሱትን እኔ በአንድ ተኩል ወር ልደርስበት ነውና። "ሰኞ እታያለሁ" ብዬ ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ሰኞ ትላለህ፣ ሰኞ ሥራ ይበዛብሃል። ዛሬ ሂድ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።"

ከድሩ ሱቁን ለሚስቱ ለራቢአ ትቶ በባጃጅ እስከ ክሊኒኩ አደረሰን። ወረፋው ረጅም ነበር። ኦቦ ኩምሳ ካርዴን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ተራችን ሲደርስ አንዲት ወጣት ነርስ ጣቴን ወጋችኝ። ልጅቷ የመለኪያውን ቁጥር አየችና እንደገና ወጋችኝ። ከዚያ ሐኪሟን ጠራች።

"ስኳርዎ አራት መቶ ሰማንያ ነው" አለችኝ ሐኪሟ። ወጣት ናት፣ በጥሞና ነው የምትናገረው። "መክሳት የጀመሩት መቼ ነው?"

"እንጃ... ከፋሲካ ወዲህ መሰለኝ።"

ኦቦ ኩምሳ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጠዋት ሳያሳትሙት አልቀሩም። ከጥር ጀምሮ ያለው ሁሉ አለበት። ኪሎዬ፣ የበላሁት፣ የተራመድኩት፤ ከጎኑ ደግሞ "ጥም" እና "ድካም" እያልኩ ለቀልድ የጻፍኩት ሁሉ። ሐኪሟ በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች።

"የጀመረው እዚህ ጋ ነው" አለች ቁልቁል የሚወርደውን መስመር እያሳየችን። "አንድ ሁለት ሳምንት ቢዘገዩ ራስዎን ስተው ነበር የሚያመጡዎት። ይሄን ወረቀት ማን ነው የሠራው?"

ኦቦ ኩምሳ የያዙትን ካርዴን ማገላበጥ ጀመሩ። እኔ ነኝ እሳቸውን በጣቴ ያሳየኋት።

"ፋይሉን ለእኔም ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል" አለቻቸው። "ለታካሚዎቼ እሰጠዋለሁ።"

ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሲሰብኩ ያላፈሩት ሰውዬ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። "ቶሌ" አሉ ብቻ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ከክሊኒኩ ወደ አዲስ አበባ ልከውኝ ሆስፒታል አምስት ቀን ተኛሁ። መድኃኒት ጀመርኩ፣ መርፌም ለመድኩ፣ ጥሙም ለቀቀኝ። ከሆስፒታል ወጥቼ መጀመሪያ የተመዘንኩ ቅዳሜ ሁለት ኪሎ ጨምሬ ነበር። ኦቦ ኩምሳ ለቅዳሜ ተመዛኞች የቴሌግራም ቡድን የላኩትን መልእክት አልሰረዝኩትም፦ "ዮአብ ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ሁላችሁም እንኳን ደስ አላችሁ።"

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሊቤ ወለደች። ኦቦ ኩምሳ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ሱሉልታ ሄዱ፣ ለአንድ ሳምንት ብለው። ሳምንቱ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ቅዳሜ ቁጥሬን ስልክላቸው "ጥሩ" ብቻ ብለው ይመልሳሉ። በቡድኑ ሰንጠረዥ ውስጥ የእሳቸው መስመር ግን ሦስት ሳምንት ባዶ ነው። በዓመት ተኩል ውስጥ አንድ ቀን አጓድለው አያውቁም። በአራተኛው ቅዳሜ አልቻልኩም። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና መርካቶ፣ ከመርካቶ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥቼ ሱሉልታ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩትን አልነግራችሁም።

በሩን የከፈተችልኝ ሊቤ ናት። "አባዬ ደህና ነው፣ ግባ" አለችኝ እየሳቀች።

ኦቦ ኩምሳ ሶፋው ላይ ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሸሚዛቸውን ወደ ታች ጎተቱ። ጠረጴዛው ላይ ቅቤው ዳር ዳሩን የረጋ ግማሽ ገንፎ አለ።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ" አልኳቸው። "ምነው ጠፉ?"

"ፈያ፣ ፈያ። ደህና ነኝ።" ዓይናቸው ወደ ገንፎው ሄደ። "ለአራስ ቤት ዓምድ አልሠራሁም ነበር፣ ዮአብ።"

ሊቤ ነገሩን ዘርዝራ ነገረችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ገንፎ ይዞ ይመጣል፤ አራሷ የምትበላው ጥቂት ነው፣ የቀረውን የሚጨርስ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። አዲስ ሰንጠረዥ ሠርተዋል፣ ለልጅቷ። ይህኛው ሲጨምር ነው አረንጓዴ የሚሆነው። ግን ሕፃን ብቻዋን የሰው ሚዛን ላይ አትቆምም። የሚይዛት ሰው ለብቻው ይመዘናል፣ ከእሷ ጋር ይመዘናል፣ ከዚያ ይቀነሳል። "እሱ ደግሞ ለብቻው መውጣት አይፈልግም" አለች ሊቤ። "ሁልጊዜ ባሌ እስኪመጣ ይጠብቃል።"

ኦቦ ኩምሳ ወለሉን ያያሉ።

ጫማዬን አውልቄ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሰማንያ ሦስት ከሁለት። ልጅቷን ሰጡኝ፣ እንደገና ወጣሁ። ሰማንያ ሰባት ከስድስት። "አራት ኪሎ ከአራት መቶ" አሉ ወዲያው፣ ላፕቶፑን ሳይነኩ። መስመሩን ሞላን፣ አረንጓዴ ሆነ። ዱርሲቱ ትባላለች፤ ሁሉንም ተኝታ ነው ያሳለፈችው።

ልጅቷን ልመልስላቸው ስል አልተቀበሉኝም። ቀስ ብለው ተነሱ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሚዛኑ ላይ ወጡ። ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አደረጉ።

"ስንት ይላል?"

"ዘጠና ከግማሽ" አልኳቸው። አራት ኪሎ ተኩል ጨምረዋል።

"ጻፍ" አሉኝ።

አንድ እጄ ልጅቷን ይዟል፤ በሌላው ጻፍኩ። ኦቦ ኩምሳ ከሚዛኑ ለመውረድ አልቸኮሉም። እኔም ወደ ሰበታ ለመመለስ አልቸኮልኩም።