የአቶ ደርቤ ቀላል ማርሽ

አቶ ደርቤ ባለቤታቸው ጥለዋቸው በሄዱበት ዓመት ከብስክሌት ክፉኛ ወደቁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱን ሳሎን አስገብተው፣ የኋላ ጎማውን ፈትተው ግድግዳ አስደግፈው፣ የቀረውን ከአንድ ብልህ የቤት ውስጥ መለማመጃ ማሽን ጋር ገጠሙት። ማሽኑ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ራሱ ያመጣል። ከባድ ማርሽ ቢያስገቡ ያቀልላቸዋል፣ ቀላል ቢያስገቡ ያከብድባቸዋል፤ ልፋቱ ያው ነው። መውደቅ የለም። መድረስም የለም፤ እሱን ግን አያነሱትም።

ልዩነቱ አንድ ነው፤ ከባዱ ማርሽ ይጮኻል። ከታች ባለው ፎቅ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ አስካለ ይኖራሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አቶ ደርቤ ከሥራ መልስ መርገጥ ሲጀምሩ፣ ከታች የወይዘሮ አስካለም የእግር ስፌት መኪና ይጀምራል። ሁለቱም ይረግጣሉ፣ ሁለቱም ካሉበት ንቅንቅ አይሉም።

አንድ ቀን አቶ ደርቤን ጨዋነት ያዛቸውና «ሴትዮዋን ረበሽኳቸው» ብለው ቀላሉን ማርሽ መረጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከታችም ጸጥ አለ። በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ።

«ታመሙ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ኧረ ደኅና ነኝ! እንዳልረብሽዎት ቀላሉን መርጬ ነው።»

«ቀላሉንማ ማን ይጠላል! ለመሆኑ እስከ ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ነዱ?»

«በስድስት ዓመት አሥራ ሁለት ሺህ።»

«የት ደረሱ ታዲያ?»

አቶ ደርቤ ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩ። ወይዘሮ አስካለ ግድግዳ የተደገፈውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«ነፋስ አለው እኮ!»

«በየሳምንቱ እሞላዋለሁ» አሉ አቶ ደርቤ አፍረው።

«ደግ አደረጉ። እኔ እሑድ ሽማግሌ ይመጣብኛል፤ የሰፈራችን ባለወፍጮ ናቸው የላኩት። እሳቸውስ መንገድ አይፈሩም» ብለው ወይዘሮ አስካለ ወረዱ።

አቶ ደርቤን ቅናት አንገበገባቸው። ከመውደቅ የሚብስ ነገር እንዳለ ያኔ ገባቸው። ቅዳሜ በጠዋት ጎማውን መልሰው ገጠሙና ወደ ድሮ የብስክሌት ጓደኛቸው ወደ መምህር ጥላዬ ቤት ዳገቱን ተያያዙት። እዚህ የሚያቀልላቸው ማሽን የለም፤ ማርሹን ሲመርጡ ልዩነቱ ተሰማቸው፣ ደስም አላቸው።

«ጋቢህን ደርብ፤ ዛሬውኑ ሽማግሌ ትሆነኛለህ» አሉት እንደደረሱ።

«እሰይ! ሩቅ ነው ቤቷ?» አለ መምህር ጥላዬ ጫማውን እየፈለገ።

«ከእኔ ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው» አሉ አቶ ደርቤ ላባቸውን እየጠረጉ፤ «ስድስት ዓመት ሙሉ ነድቼ አልደረስኩበትም።»