አያ ሰኢድ፣ ብሎጌ እና አንድ ላስቲክ

ዛሬ ጠዋት ብሎግ ከፈትኩ። ከሰዓት በኋላ መደበቂያ ስፈልግ ዋልኩ። በመሀል የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቢሆንም ልንገራችሁ፤ እኔ ባልነግራችሁ ፎቶው ይነግራችኋል።

አዎ፣ ፎቶ አለ!

እንደምታውቁት ፈርስት ይር ነኝ፤ የምማረው ኮምፒውተር ነው። ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ኢንተርኔት ቀልዶች በአማርኛ የምጽፍበት የራሴ ብሎግ እንዲኖረኝ ከተመኘሁ ቆየሁ። ስለዚህ በደንብ ተዘጋጀሁ። ቀለም መረጥኩ። ቀለሙን ቀየርኩ። ተመልሼ የመጀመሪያውን መረጥኩ። የመጀመሪያዋን ጽሑፍ ደጋግሜ አረምኳት።

ጥንቁቅ ሰው ነኝ!

ትናንት ፖስት ላደርጋት ስል ለአባቴ ነገርኩት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው እንዳልል፣ ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ይብሳሉ።

አባቴ አራዳ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ስለ ትምህርቴ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱም "በደንብ ትበያለሽ?" የሚል ነው። ትናንት ግን "ብሎግ ምንድን ነው?" አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ሰው ይገባል፣ ያያል፣ ከወደደ ነገም ይመለሳል፣ ካልወደደ ወደ ሌላው ያልፋል።

"ሱቅ ነዋ!" አለኝ።

"እቃ ግን የለውም አባባ።"

"እቃ የሌለው ሱቅ ስንት አለ። በይ ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ወደኔ አምጪው። በወጉ ይከፈት። እስከዚያ ለማንም እንዳታሳዪ።"

ብሎግ አምጪ ተባልኩ! ግን ፊቱ ሲበራ አየሁት። ለጎረቤቶቹም "ልጄ ነገ ልትከፍት ነው" ሲል ሰማሁት። ስለኔ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እሺ ከማለት ሌላ ምን ልበል? እሺ ማለት እንደሆነ ዋናው ሙያዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ፖስት አደረግኳት። ለማንም አልተናገርኩም። ሱቅ አካባቢ ኔትወርክ ስለማይታመን ገጹን በጓደኛዬ ላፕቶፕ እንደከፈትኩት ይዤ ወደ አራዳ ወረድኩ።

ስደርስ ተምር በሳህን ቀርቧል። ጎረቤት ተሰብስቧል። የአባቴ ወንበር ላይ ደግሞ አያ ሰኢድ ተቀምጠዋል። አረንጓዴ ጃንጥላቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል።

ልቤ ቀጥ አለች።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በዚህ መደዳ አዲስ ሱቅ ሲከፈት ከማንም በፊት የሚገዙት አያ ሰኢድ ናቸው። እግራቸው ቀና ነው። በቀኝ እግራቸው ይገባሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ትንሽ ነገር ገዝተው ዱዓ አድርገው ይወጣሉ። የአባቴንም ሱቅ እኔ ሳልወለድ አንድ ጥቅል ክር ገዝተው የከፈቱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ገብተው ሳይገዙ የወጡበት ሱቅ የለም። ቢኖር ወሬው ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ደንቡን አውቀዋለሁ። ለብሎግም ይሠራል ብዬ ማን አስቦ!

ልቤ ቀጥ ያለችው ግን ለዚህ አይደለም። የጽሑፌ ሦስተኛ አንቀጽ ስለ አያ ሰኢድ ነው።

ስም አልጠራሁም! "አንድ የሰፈራችን አዛውንት" ነው ያልኩት። ብቻ አረንጓዴ ጃንጥላቸውን ጽፌዋለሁ። ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ጃንጥላ የሚይዝ አዛውንት ደግሞ በአራዳ አንድ ነው።

አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ አዛውንቱ መንዙማ በብሉቱዝ ሲላክላቸው፣ መንዙማው መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ሁለቱን ስልኮች ፊት ለፊት ገጥመው በላስቲክ ያስሯቸዋል። እስኪደርስም በአጠገባቸው ሰው አያሳልፉም።

በዓይኔ ያየሁት ነው። በሳቅ ፈርሼበታለሁ። አሁን ሳነበው ግን ምንም አያስቅም።

ላጠፋው ሞከርኩ። ኢንተርኔት የለም! ስልኬን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። እዚያም የለም።

"ሐያት፣ አንብቢላቸው እንጂ" አለ አባቴ።

አያ ሰኢድ ቀኝ እግራቸውን ወደፊት አስቀደሙ፤ የላፕቶፑን ጠርዝ በእጃቸው ነካ አድርገው "ቢስሚላህ" አሉ። ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ፓስወርዷን እንዳትረሳው ፕሮፋይሏ ላይ ስለጻፈች ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ሰኢድም ሳቁ። አባቴ ሲስቁ እያየ ሳቀ።

ከዚያ በእርጋታ ወደ አራተኛው ዘለልኩ። ማን ያውቃል? ማን ያያል?

እትዬ ሙኒራ ታያለች! ቅመም የምትሸጠው ጎረቤታችን ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

"አንቺ ልጅ፣ ዘለልሽ!"

"አልዘለልኩም እትዬ።"

"ምነው! ይኸው መሀሉ! ጃንጥላ የሚል አለበት!"

አባቴ ሳቁን አቆመ። "ሐያት፣ ለመጀመሪያ ገዢ ታጎድያለሽ?"

እኛ ቤት ከዚህ የከፋ ቃል የለም። አባቴ ለመጀመሪያ ገዢ ጨርቅ ሲለካ ከሜትሩ ላይ አንድ ስንዝር ይጨምራል እንጂ አያጎድልም። በሰው ፊት አጉዳይ ተባልኩ።

አነበብኩት።

ሙሉውን። ከነጃንጥላው።

ሁሉም ጃንጥላውን አየ። አባቴ የታጠፈ ጨርቅ አንስቶ እንደገና ያጥፍ ጀመር። ብሎጉ እዚያው ገደል ይግባ፤ አያ ሰኢድ ሳይገዙ ተነስተው ቢወጡ አባቴ በዚህ መደዳ አንገቱን ቀና አድርጎ አይሄድም። ያውም "ልጄ ልትከፍት ነው" ብሎ በጠራቸው ቀን!

አያ ሰኢድ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"መንዙማው ወደቀ?" አሉኝ።

"እ?"

"መንገድ ላይ ወደቀ ወይ ነው የምልሽ።"

"አልወደቀም አያ። ደርሷል።"

"ታዲያ ላስቲኩ ምን አጠፋ?"

እትዬ ሙኒራ በሳቅ የጨርቅ ጣቃው ላይ ዘፍ አለች። መደዳው በሙሉ ሳቀ፤ በማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አያ ሰኢድ ግን አልሳቁም።

"ደግሞስ ጃንጥላዬን ጽፈሽ ስሜን ምነው ተውሽው? መንዙማ የሚሰማው ጃንጥላው ነው?"

"አፉ ይበሉኝ አያ።" አልኳቸው።

"አፉ ብያለሁ። ሳልገዛ ግን አልወጣም።" ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "አባትሽ ስልክ ላይ አንድ ሸጋ መንዙማ አለ። እሱን ላኪልኝ።"

ተመስገን! ይህን እችላለሁ! ሁለቱን ስልኮች ባንኮኒው ላይ አራርቄ አስቀመጥኳቸው። ያለ ላስቲክ! ብሉቱዝ ማሰሪያ እንደማይፈልግ ለሁሉም በትሕትና አስረዳሁ። መላኩ ጀመረ።

እትዬ ሙኒራ "እስቲ ስንት ደረሰ?" ብላ አንዱን አነሳችና ብርሃን ፍለጋ ወደ ውጭ ወጣች።

ተቋረጠ።

እንደገና ላክሁ። ሊያልቅ ሲል አባቴ ተደወለለት። ስልኩን አንስቶ እያወራ ደንበኛ ሊቀበል የሱቁን ደረጃ ወረደ።

ተቋረጠ።

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አያ ሰኢድ ጣራ ጣራውን ያያሉ። ቢናገሩ በተሻለኝ!

"አያ..." አልኳቸው።

"አቤት የኔ ልጅ።"

"ላስቲኳን ይዘዋታል?"

ይዘዋት ኖሯል! ራሳቸው አሰሩልኝ። ሰው እንዳይነካካው ብለው እኔን ከደረጃው ላይ አስቀምጠው የታሰሩትን ስልኮች ጭኔ ላይ አኖሩ። ፀሐዩ ሲበረታ አረንጓዴውን ጃንጥላ ዘርግተው አስያዙኝ።

በዚህ መሀል እነማን ቢያልፉ ጥሩ ነው?

የክፍሌ ልጆች! ባለፈው ሳምንት ስለ ብሉቱዝ ፊታቸው ቆሜ ፕሬዘንቴሽን ያቀረብኩላቸው ልጆች። አንደኛው ሰላም እንኳ ሳይለኝ ካሜራውን አወጣ። አሁን ፎቶው "ቴክ ብሎገራችን በሥራ ላይ" ተብሎ እየዞረ ነው። ኮመንቶቹን አንብቤያለሁ። አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም።

መንዙማው ደረሰ። አያ ሰኢድ ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት ሰሙና "ደንበኛሽን ያብዛው፣ በረካ ያድርግልሽ" ብለው መረቁኝ። ተምር ቀምሰው፣ ጃንጥላቸውን ተቀብለው ሄዱ። ላስቲኩን ግን ትተውልኛል። "ይጠቅምሻል" ብለው።

አባቴ እሳቸው እስኪርቁ ጠብቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ስንት ሰው ገባበት?" አለኝ።

ኢንተርኔቱ ተመልሶ ነበር። አየሁት። "አንድ።"

"እሳቸው ናቸው" አለና ደስ ብሎት ተነሳ። ለቀጣይዋ ገዢ ጨርቅ እየለካ "ያቺ ልጄ ናት፤ ሱቅ አላት" ሲል ሰማሁት።

ያ አንድ ሰው ጠዋት ገጹን የከፈትኩት እኔ ራሴ እንደሆንኩ አልነገርኩትም። እናንተም አትንገሩብኝ።

ሦስተኛውን አንቀጽ አስተካክያለሁ፤ አሁን ስማቸው አለበት፣ በጠየቁት መሠረት። ስለ ላስቲኩ የጻፍኩትን ቀልድ ግን አጥፍቼዋለሁ። ላስቲክ እጁ ላይ ያጠለቀ ሰው ስለ ላስቲክ ምን ብሎ ይቀልዳል?

ብሎጉ ክፍት ነው። ግቡ። ብቻ በቀኝ እግራችሁ!