አንቀጽ ሰባት እና የርዕሰ መምህሩ ቁምሳጥን

በየቤተሰቡ፣ ሰው ሁሉ «ችግር የለም» ሲል መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «የት ላይ ተጽፏል?» የምትል አንዲት ሴት አለች። የኛዋን ክብርት እትዬ አንቀጽ እንላታለን። ታላቅ እህቴ ናት። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆና ጡረታ ስትወጣ አርፋ ትቀመጣለች ብለን ነበር። እሷ ግን ዞር ስትል የባሏን የእንጨት ሥራ ቤት አየችው።

ባሏ እጁ ወርቅ የሆነ፣ አፉ ግን ከ«እሺ» ሌላ የማያውቅ አናጺ ነው። አንዱ ደንበኛ ስምንት ወር የተኛበትን አልጋ «ሚስቴ ሄደች፣ ሰፋብኝ» ብሎ መለሰለት። እሺ። ሌላዋ ያዘዘችውን ጠረጴዛ በየሳምንቱ ስታስለውጠው የመጻሕፍት መደርደሪያ ሆኖ ወጣ። እሺ።

እትዬ አንቀጽ ሦስት ቀን በሯን ዘግታ አሥራ አንድ አንቀጽ ያለው የሽያጭ ደንብ ጻፈች፤ ያውም ሕፃን በሚረዳው አማርኛ። ደንበኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ካላነበበና ካልፈረመ መጋዝ አይነሳም። አንቀጽ ሦስት፦ «የተጀመረ ዕቃ ሌላ ዕቃ አይሆንም።» አንቀጽ ዘጠኝ፦ «እኛ ካጠፋን ሳንጨቃጨቅ ደግመን እንሠራለን።» እኔ አጠገቡ ካለው ካፌ ተቀምጬ፣ ሰው የሚመጣው ወንበር ሊገዛ ነው ወይስ ቃለ መሐላ ሊፈጽም እያልኩ ስስቅባት ከረምኩ።

ከዚያ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ያዘዙት ቁምሳጥን መጣ። ባለ አራት መዝጊያ ነው፤ አናጺያችን ሦስት ወር ደክሞበታል፣ በዕድሜውም እንዲህ ያለ ሠርቶ አያውቅም። ተጭኖ ደንበኛው ደጃፍ ሲደርስ በሩ በአራት ጣት ጠበበው። ርዕሰ መምህሩ ተቆጡ፤ ወይ ለሁለት ይሰንጠቅ፣ ወይ ይዛችሁት ተመለሱ አሉ። የእህቴ ባል ፊቱ ዐመድ መስሎ «እሺ» አለና መጋዙን አነሳ።

«አስቀምጠው» አለች እህቴ። የተፈረመውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ለርዕሰ መምህሩ ዘረጋችላቸው። «መምህር፣ እስቲ ሰባተኛዋን ያንብቡልን።»

እሳቸውም እንደ ተማሪ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦ «የቤቱን በር የሚለካው ደንበኛው ነው። ዕቃው አልገባ ካለ በሩ ይሰፋል እንጂ ዕቃው አይቆረጥም። በሩን ስታሰፉ እናግዛለን።»

የርዕሰ መምህሩ ባለቤት ከውስጥ ብቅ አሉ። «ይቺ በር ሃያ ዓመት ሙሉ ክርኔን ስትልጠኝ ኖራለች። ትስፋ» አሉ።

በማግስቱ በሩ ሰፋ፤ ቁምሳጥኑ አንድ ጭረት ሳይነካው እንደ ሙሽራ ገባ። ጎረቤት አጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው «ወደ ግራ፣ ቀስ» እያሉ ትራፊክ ሆኑ። የእህቴ ባል መዝጊያዎቹን ከፍቶ ዘጋ፣ ደግሞ ከፍቶ ዘጋ፤ ከዚያ ሚስቱን በዚያ ዕድሜው እንደ እጮኛ አያት።

የኋላውን ማዕዘን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ወገቤን ይዤ፣ ለተሸካሚ ወንድም ካሣ የሚለው ስንተኛው አንቀጽ ላይ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ላንተ ደንብ አይጻፍም» አለች፣ ወገቤን በመዳፏ እያሸች። «አንተ ወንድሜ ነህ።»

ወገቤ ዛሬም ያመኛል። ካፌው ውስጥ በእትዬ አንቀጽ የሚስቅ ሰው ከተገኘ ግን፣ ይህንኑ ወገቤን ይዤ ተነሥቼ እጣላዋለሁ።