የወይዘሮ የትነበርሽ ሁለተኛ ዓይን

በተልባ ዘይት የተለወሰ ቀለም ሽታ፣ አክስቷን ተከትላ ከአንድ ሥዕል ሥር ላደገችው ለማስተዋል ልጅነቷ ነው፤ ለአክስቷ ለወይዘሮ የትነበርሽ ግን ጠብ ነው። በየቤተ ዘመዱ ቂሟን እንደ ክት ልብስ አጥፋ የምታስቀምጥ አንዲት አክስት አትጠፋም። የጎንደር አራዳዋ ክብርት ወይዘሮ የትነበርሽ ግን አያስቀምጡም፤ በአዘቦትም ይለብሱታል።

በኮረዳነታቸው፣ ዛሬ ስሙ አገር ያዳረሰው ሰዓሊ ይበልጣል ጎረቤታቸው ነበርና አስቀምጦ ሣላቸው። ሣላቸውም በጎን፤ በአንድ ዓይን! በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ይሁዳ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ በጎንደር የማያውቅ የለም። እናታቸው አለቀሱ። ሰዓሊው "ሌላ እሥላለሁ፣ በሁለቱም ዓይን" ብሎ አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ክስ ያላሰሙበት ቦታ የለም። ሰርግ ላይ ሙሽራው ፎቶ ሲነሣ "ዙር አንተ፣ በአንድ ዓይን ልትቀር ነው!" ይላሉ። ሥዕሉ በተሰቀለበት የከተማው ሆቴል አንድ እንግዳ "ሸጋ ናት" ካለ አለቀለት። "ዓይኔስ?" ብለው ሲያፋጥጡት ሻዩ ይበርዳል። ማስተዋል ያላፈረችበት ቀን የለም።

ዘንድሮ በጥር ሰዓሊው በምርኩዝ እየተደገፈ ለክብሩ በዚያው ሆቴል አዳራሽ ወደተዘጋጀው ዐውደ ርእይ መጣ። ከሥዕሉ ሥር "ስሟ ያልታወቀ የጎንደር ሴት" የሚል ተለጥፏል። ወይዘሮ የትነበርሽ አነበቡት። ያኔ ዓይን፣ አሁን ደግሞ ስም!

"እትዬ፣ በእመቤቴ፣ ዛሬን እንኳ ዝም ይበሉ!" አለች ማስተዋል።

ማን ሰምቶ! "ምነው አያ ይበልጣል! ሁለተኛዋን ዓይኔን በየትኛው ቦርሳህ ከተህ ዞርህ? ስሜንስ ምን በላው?"

ከረባት ያሰረ አስተናጋጅ "ይህችን ነዝናዛ አስወጡልን" ሲል፣ ማስተዋል ራሷ ያላሰበችው ጩኸት ከጉሮሮዋ ወጣ፦

"ማንን ነው የምታስወጣው? የሥዕሉን ባለ ፊት? የትነበርሽ ይባላሉ! ጻፈው!"

ሰዓሊው መነጽሩን አወለቀ። "እውነቷን ነው። ያኔ ፊት ለፊት ስታየኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ፈርቻት ነው።"

"ፈርተህ ከይሁዳ ደመርኸኝ?"

"ተቀመጪ፣ የትነበርሽ።"

በእርሳስ፣ በቆመበት ሣላቸው፤ በሁለቱም ዓይን፣ ከነቁጣቸው። ከሥሩ ስማቸውን ጻፈ። ወይዘሮ የትነበርሽ ወረቀቱን አርቀው ያዙት። ማስተዋል እንባ ጠበቀች።

"ግንባሬን አስፍተኸዋል!"

ወረቀቱን በነጠላቸው ሸፈኑና፣ ሰዓሊውንም ማስተዋልንም ደኅና ዋሉ ሳይሉ፣ በሩን ወለል አድርገው ትተው ወጡ።