ጌታሰውን ሰንጎ የያዘው ቅባት

እስቲ ይህን ሰው እዩት! ጌታሰው ይባላል፤ ከደጋ ተመድቦ የመጣ የወረዳ ሠራተኛ ነው። ሸዋ ሮቢት ከገባ ወዲህ ፀሐይ አጥቁራዋለች። እሑድ የእጮኛው የሰርክአዲስ እናት ከደብረ ሲና ወርደው ሊያዩት ነው፤ የተላከላቸው ፎቶ ላይ ግን ቀይ ነበር። የተፈጠርንበትን ቀለም እንደ እድፍ የምንቆጥርበት ዘመን ላይ ደረስን! አሁን እትዬ ራሕማ ሱቅ ቆሞ ይሟገታል።

ጌታሰው፦ ቀልቻለሁ እኮ!

ራሕማ፦ ጠቁረሃል፣ ልጄ።

ጌታሰው፦ ሱቅዎ ጨለማ ሆኖ ነው።

ራሕማ፦ (መስኮቱን ከፍተው) ወላሂ፣ የከሰል ጆንያ መስለሃል!

ጌታሰው፦ ሦስት ሳምንት ጠዋት ማታ የተቀባሁ ሰው! ሁለተኛውን ብልቃጥ ይስጡኝ።

ራሕማ፦ ይሄ ቅባት እኮ…

ጌታሰው፦ ለእኔ ነው የሚነግሩኝ! ጂንሰንግ ነው።

ራሕማ፦ አዑዙ ቢላህ! ጂን ሰንጎህ ነው የጠቆርከው?

ጌታሰው፦ ጂን አላልኩም! ጂንሰንግ፣ የኮሪያ ሥራ ሥር! በኢንዛይም የተለወጠ!

ራሕማ፦ ኢንዛይም ደግሞ የማን ልጅ ነው?

ጌታሰው፦ እንደ እርሾ ይቁጠሩት። ሥሩን ሰባብሮ ቆዳ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርገዋል። የሚያጠቁረን ደግሞ ሜላኒን ነው። ይኸው፣ ካርቶኑ ላይ «ሜላኒን» ይላል!

ራሕማ፦ ይጨመር ይላል ወይስ ይቀነስ?

ጌታሰው፦ (ካርቶኑን እያገላበጠ) የቀረው… በኮሪያ ፊደል ነው።

ራሕማ፦ እኔ እኮ ያን ዕለት ልነግርህ…

ጌታሰው፦ የቢፒአር ሥልጠና የወሰድኩ ሰው ነኝ፣ እትዬ!

ራሕማ፦ ፊቷ ላይ ነጭ ነጭ ለወጣባት ለጎረቤቴ ልጅ ለአሚራ ያስመጣሁት ነው! የጠፋ ቀለም ይመልሳል ብለው ነው የላኩልኝ። አንተ «አውቀዋለሁ» ብለህ ከመደርደሪያው ላፍ አደረግከው!

(ጌታሰው የስኳር ጆንያ ላይ ዘፍ አለ። መስተዋት ፊት ፊቱን ሲያሽ ያረፈደባቸው ማለዳዎች ሁሉ ድቅን አሉበት።)

ጌታሰው፦ አለቀልኝ! እሑድ ምን ፊት ይዤ ልቀርባቸው ነው?

ራሕማ፦ የእጮኛህ እናት እኮ ዛሬ ጠዋት መጥተው ነበር፤ በስውር። ከመንገዱ ማዶ ቆመው አይተውሃል።

ጌታሰው፦ ወይኔ! ጥቁረቴን?

ራሕማ፦ «ሟቹ ባሌም ጥቁር ነበር፤ መልኩ ግድ አይሰጠኝም» አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሰው ሲናገር ያስጨርሳል?»

ጌታሰው፦ እርስዎስ?

ራሕማ፦ እኔማ…

ጌታሰው፦ «ያስጨርሳል» አሏቸው! አውቄያለሁ! ኑሩልኝ፣ እትዬ!

(በሩጫ ወጣ።)

ራሕማ፦ (ለባዶው በር) …«እሑድ ራስዎ ይፍረዱት» ነው ያልኳቸው።

እናንተ አንባቢዎች፣ እሑድ ሳይደርስ ያገኘው ሰው ካለ እባካችሁ ያስቁመውና ይህችን ሳይሰማት የሄደውን ቃል ያድርስለት። ፈጠን ብላችሁ ንገሩት፤ ያቋርጣችኋል።